አቶ ካሳሁን ሳይመረምሩት የሚያልፍ የለም

አንድ መሥሪያ ቤት ውሃ ላይኖረው ይችላል። መብራት ላይኖረው ይችላል። የሽንት ቤቱ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ላይኖረው ይችላል። ኮምፒውተሩን ከቫይረስ የሚጠብቅ ሰው ግን አያጣም፤ ኮምፒውተር ባይኖረው እንኳ አያጣም። ይህ ሰው ወረቀት ላይ “የአይቲ ባለሙያ” ይባል እንጂ በራሱ ዓይን የኬላ አዛዥ ነው። ሌላው ሠራተኛ ደመወዝ ሊቀበል ይመጣል፤ እሱ ግን ዓለም ሁሉ ተኝቶ ብቻውን የነቃ ሰው ፊት ይዞ ይመጣል።

ወልድያ ውስጥ፣ ከመነኻሪያው ወረድ ብሎ ባለ የአንድ ርዳታ ድርጅት ቅርንጫፍ፣ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር አቶ ካሳሁን ነበሩ። ቀጠን ረዘም ያሉ፣ አርባውን የተሻገሩ የጉባ ላፍቶ ሰው ናቸው። በደረት ኪሳቸው ካቻቪቴ፣ በአንገታቸው የቁልፍ ማሰሪያ አይጠፋም። ነሲባ ደግሞ እዚያው ለገበሬ የሚታደል ምርጥ ዘር ስርጭት መረጃ የምትመዘግብ የመርሳ ልጅ ናት፤ ሥራ በጀመረች ዕለት በሩ ላይ የተቀበሏት እሳቸው ነበሩ።

“እንደምን አደርሽ፣ ቤት ደህና፣ እናት አባት ደህና፣ ፍላሽ አልያዝሽም?” አሏት በአንድ ትንፋሽ።

አልያዝኩም አለች። እሳቸው ግን የሚያዩት አፏን ሳይሆን ቦርሳዋን ነበር።

አቶ ካሳሁን ሁለት የሃይማኖት ያህል የጸኑ አባባሎች ነበሯቸው። አንደኛው “ሳይመረመር አይገባም” የሚል ሲሆን በትልልቅ ፊደል ጽፈው በራቸው ላይ በስኮች ለጥፈውታል። ሁለተኛው “የሰው ፍላሽ የሰው መፋቂያ ነው” የሚል ነው፤ ይህን አልጻፉትም፣ በቃል ነው የሚያስተላልፉት። አንድ ጊዜ ከዋናው መሥሪያ ቤት ትልቅ ኃላፊ መጥተው ስብሰባ ሊከፍቱ ፍላሻቸውን ከኪሳቸው ሲያወጡ፣ አቶ ካሳሁን በኃላፊውና በኮምፒውተሩ መሃል ገብተው ቆሙ። ይቅርታ ጠየቁና ፍላሹ የት የት ሲውል እንደነበር በትሕትና አጣሩ። ቦርሳ ውስጥ ነው የነበረው ሲሏቸው ከቦርሳው በፊትስ ብለው ቀጠሉ። ስብሰባው ፍላሹ እስኪመረመር ድረስ ቆመ፤ ተሰብሳቢውም ሻይ በሻይ ላይ ጠጣ። የሚገርመው ፍላሹ እውነትም በቫይረስ የተሞላ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ቀን ወዲያ አቶ ካሳሁንን መቻል አልተቻለም።

ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ውባለም እንኳ ከእጃቸው አላመለጡም። የእኅታቸው ልጅ የሠርግ ፎቶ በፍላሽ ሲላክላቸው፣ አቶ ካሳሁን በራሳቸው ማሽን ከፍተው፣ ጎናቸው ተቀምጠው፣ አንድ በአንድ አሳዩአቸው። ሙሽሪት ንጹሕ ናት አሉ። ሚዜዎቹም ይለፉ አሉ። ሙሽራው ላይ ሲደርሱ ግን ፊታቸው ተቋጠረ፤ የፋይሉ መጠን በዝቷል፣ አልወደድኩትም ብለው አስቀሩት። ወይዘሮ ውባለም የእኅታቸውን ልጅ ባል መልክ ያዩት ሰውየው ራሱ ወልድያ ሲመጣ ነው።

ኢንተርኔቱ በደከመ ቁጥር ደግሞ የአንቲቫይረሱን አፕዴት ሊያመጡ ደሴ ይወርዱ ነበር። ሲመለሱ ሃርድ ዲስኩን በነጠላ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ያስቀምጣሉ፤ ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢል ሕፃን ጣሪያ ላይ ልጫን የተባሉ ያህል ይቆጣሉ። አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት አንድ ቀን ምን እንደሆነ ብትጠይቃቸው “መድኃኒት ነው” አሏት። ሴትዮዋ እግዜር ይማርልዎት ብላ እስከ ውጫሌ ድረስ ስታዝንላቸው መጣች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

በ2013 ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ ወልድያም መርሳም ተያዙ። አቶ ካሳሁን ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ደሴ ገቡ፤ ደሴም አልበቃቻቸውም፣ እስከ ደብረ ብርሃን ተሰደዱ። ነሲባ ግን ከእናት አባቷ ጋር መርሳ ቀረች። አባቷ ሸህ አብዱልሐሊም የስኳር ሕመም ነበረባቸው፤ መንገዱን አይችሉትም። ፍተሻ አለ፣ ስልክና ኮምፒውተር ይወሰዳል የሚል ወሬ ሲበዛ ሽማግሌው የልጃቸውን ላፕቶፕ በፌስታል፣ ፌስታሉን በማዳበሪያ ጠቅልለው ጓሯቸው ያለው የማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ከተቱት። ነቀዝ እንዳይበላውም የኒም ቅጠል ጎዘጎዙለት። ነሲባ ላፕቶፕ ነቀዝ አይበላውም ብላ ልታስረዳቸው ሞከረች።

“ማሽላውም እንዲሁ ይል ነበር” አሏት።

ላፕቶፑ ተረፈ። ሸህ አብዱልሐሊም ግን አልተረፉም። የስኳሩ መድኃኒት ከመርሳ ፋርማሲዎች ከጠፋ ሰንብቶ ነበርና በኅዳር፣ ልጃቸው አጠገባቸው ቁጭ ብላ እያየች፣ ቀስ በቀስ ደክመው ሞቱ።

ሸህ አብዱልሐሊም በሀብሩ ወረዳ መንዙማ በማለት የታወቁ ሰው ነበሩ። እሳቸው ያወጡታል፣ ሰው ይቀበላል፤ ሚስታቸው እማ ቡርቱካን ደግሞ ከጓዳ ሆነው ከሁሉም ቀድመው ይቀበላሉ። ነሲባ ይህን በስልኳ እየቀዳች ላፕቶፗ ላይ “አባ” በሚል ፎልደር ስታጠራቅም ኖራለች። ስልኳ በፍተሻው ሄዷል። ስለዚህ የአባቷ ድምፅ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው እዚያ ፎልደር ውስጥ ብቻ ነው። ከሞቱ በኋላ አንድም ቀን አልከፈተችውም፤ እማ ቡርቱካንም “ገና ነው” ይሏታል። እሳቸው ራሳቸው ከኅዳር ወዲህ መንዙማ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ድምፁ እዚያ መኖሩን ማወቁ ለጊዜው ለሁለቱም ይበቃቸው ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ሠራተኛው ሲመለስ ቅርንጫፉ ባዶ ነበር። ኮምፒውተሮቹ የሉም፣ ማውሶቹ የሉም፣ የግድግዳው ሶኬት ሳይቀር ተፈልቅቋል። ከአቶ ካሳሁን ግዛት የተረፈው በሩ ላይ ያለው “ሳይመረመር አይገባም” የሚለው ወረቀት ብቻ ነው። ወይዘሮ ውባለም እሱን አይተው ሳቁ፤ ሳቁና አለቀሱ። አቶ ካሳሁን አልሳቁም። የተላጠውን ጠርዝ በምራቃቸው አርሰው መልሰው ለጠፉት።

ሥራው በሰው የግል ኮምፒውተር ቀጠለ። ኔትወርክ ገና በቅጡ ስላልተመለሰ የዘር ተቀባዩ መረጃ ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞረው በፍላሽ ነበር፤ የመርሳው ወደ ግራና፣ የግራናው ወደ ሐራ፣ የሐራው ወደ ወልድያ። አቶ ካሳሁን ይህን ባሰቡ ቁጥር ፍላሾቹ ያደሩባቸውን ቤቶች በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። በግንቦት ግን ዋናው መሥሪያ ቤት የልባቸውን አደረሰላቸው። በግል ኮምፒውተሩ የሚሠራ ሁሉ የድርጅቱን አንቲቫይረስ ይጭናል፤ ያልጫነ የድርጅቱን ፋይል አይነካም የሚል ትእዛዝ መጣ። አቶ ካሳሁን ትእዛዙን ቆመው ነው ያነበቡት።

ሌላው ሠራተኛ እያጉረመረመ አስጫነ። ነሲባ ግን ሸሸች። የራሷ ዕቃ ነው፤ በላቧ የገዛችው፣ አባቷ በእጃቸው የቀበሩት። የመሥሪያ ቤት ዓይን “አባ” የሚለው ፎልደር ውስጥ ገብቶ እንዲዞር አልፈለገችም። አንድ ቀን ባትሪው አብጧል አለች፣ እውነትም አብጦ ነበር። ሌላ ቀን ቻርጀሩን መርሳ ረሳሁት አለች። አርብ ሲሆን ጁምዓ ነው አለች፣ ሰኞ ሲሆን ገበያ ነው አለች። አቶ ካሳሁን ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙ። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ አይቆጣም፤ ዝም ብሎ በማግስቱ ይመጣል። በሐምሌ መጨረሻ የነሲባ ሰበብ አለቀ።

አቶ ካሳሁን ላፕቶፑን ሲረከቡ መጀመሪያ ያደረጉት ገልብጠው መታ መታ ማድረግ ነው። ከቁልፎቹ መሃል የደረቀ ኒም ተራገፈ፤ ከኒሙ ጋር ሁለት የሞቱ ነቀዞች ወደቁ። እሳቸው በሥራ ዘመናቸው ብዙ ዓይነት ተባይ አይተዋል፤ እግር ያለው ግን ገና ማየታቸው ነው። ምን እንደሆነ ጠየቋት። ነሲባ የጉድጓዱን ነገር፣ የአባቷን ነገር ነገረቻቸው። አቶ ካሳሁን ነቀዞቹን ሳይጥሉ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስተኟቸው።

“አባትሽ በደንብ ጠብቀውታል” አሏት። “አፕዴት ብቻ ነው የሚቀረው።”

ነሲባ ሳትወድ ሳቀች። በኋላ ለሳቋ ራሷን ወቀሰች። ከመጀመራቸው በፊት “አባ” የሚለውን እንዳይነኩባት ለመነቻቸው። እሳቸው የምፈልገው በሽታውን ነው፣ ጤነኛውን ምን አድርጎኝ እነካለሁ አሉና ሥራቸውን ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ ቀይ በቀይ ሆነ። ያ ከቀበሌ ቀበሌ የዞረ ፍላሽ ያመጣውን ሁሉ አራግፎበት ነበር። አቶ ካሳሁን በተገኘው ቁጥር ፊታቸው እየበራ ሄደ፤ ዕድሜውን ሙሉ ጅብ አለ ሲል የኖረ ሰው ጅቡን በዓይኑ ሲያየው እንደሚደሰት ደስ አላቸው። ይጥፋ አሉት፤ ጠፋ። ማሽኑን አጥፍተው አስነሱት።

ነሲባ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ስባ ፈለገች። የሥራ ፋይሏ አለ። የዩኒቨርሲቲ ወረቀቷ አለ። “አባ” የለም።

ደጋግማ ፈለገች። አቶ ካሳሁን ቆዪ ልየው፣ ጠፍቶ አይመስለኝም ሲሉ ጆሮዋ አልሰማቸውም። ያን ሁሉ ዘመን አንቱ ስትላቸው የኖረች ልጅ፣ አባቷ ታላቅን አንተ ስትል ቢሰሟት የሚያዝኑባት ልጅ፣ ፊታቸው ቆማ አንተ አለቻቸው።

“አባቴ መድኃኒት አጥተው ሞቱ። አንተ ደግሞ በመድኃኒት ገደልካቸው።”

ክዳኑን ከድና ወጣች። ወይዘሮ ውባለም ከቢሯቸው ብቅ ሲሉ አቶ ካሳሁን ካቻቪቴያቸውን በእጃቸው እንደያዙ በሩን እያዩ ቆመው ነበር። ሁለቱ ነቀዞች አሁንም ጠረጴዛው ላይ ናቸው።

ነሲባ መርሳ ገብታ ቀረች። አቶ ካሳሁን ደወሉ፤ አላነሳችም። የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ዛኪር የመርሳ ልጅ፣ የነሲባም ጎረቤት ነውና በእሱ መልእክት ላኩ። ፎልደሩ እዚያው ያለ ይመስለኛል፤ እኔ እስካየው ድረስ ማንም እንዳይነካው፣ አዲስ ነገርም እንዳይጫንበት በላት አሉት። ዛኪር እንደተላከው ተናገረ። ነሲባ የነኩት ሰው ራሳቸው ደግሞ አይነካ ባይ ሆኑ ብላ ፊቷን አዞረች። ለእናቷም አልነገረቻቸውም። እማ ቡርቱካን ጓዳቸው ሲገቡ ላፕቶፑን በጨርቅ እየወለወሉ ያልፋሉ፤ እሷ ያን እያየች ዝም ማለቱ ሥጋዋን ጨረሰው።

መርሳ ውስጥ አስፋልቱ ዳር ሙሄዲን የሚባል ሞባይል የሚጠግን፣ ዘፈንና መንዙማ የሚጭን ሰው አለ። አቶ ካሳሁን ሁሉን ሲጠረጥሩ ሙሄዲን ደግሞ ሁሉን ያጥባል፤ ፎርማት ብሎ በውስጡ ያለውን ጠርጎ ያጠፋል። ስልክ ቢዘገይ ፎርማት፣ ቢቆለፍ ፎርማት፣ ሚስት ባሏን ብትጠረጥርም ፎርማት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሌላ መድኃኒት ስለማያውቅ ነው። ነሲባ ችግሯን ስትነግረው መጀመሪያ ፎርማት ይደረጋል፣ ከዚያ የጠፋውን የሚመልስ ነገር አለኝ አላት። የሰጠመ ሰው ገለባ ይይዛል። አምጪው ያላትን ቀን መጠበቅ ጀመረች።

በዚያ ሳምንት ግን ቆቦ ላይ ተኩስ ተከፈተ።

ሀገሩ መቀመጫ አጣ። ሰው ገበያ ወጥቶ ዕቃውን ሳይገዛ ይመለሳል። ከሰሜን የመጣ መኪና ሁሉ ይከበባል፤ ሾፌሩ ምንም አላየሁም ካለ ደብቆ ነው ይባላል፣ አየሁ ካለ አጋኖ ነው ይባላል። ነጎድጓድ ባጉረመረመ ቁጥር የመርሳ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ ነሐሴ ነውና ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል። እማ ቡርቱካን ልብሳቸውን ቋጠሩ፣ ፈቱ፣ መልሰው ቋጠሩ። ባሌን አፈር አልብሼ የት ልሂድ ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ ልጄን ይዤ የት ልቀመጥ ይላሉ። አንድ ጠዋት ወልድያ ሰው እየለቀቀ ነው የሚል ወሬ መጣ፤ ከወሬው ኋላ አይሱዙዎቹ ራሳቸው መጡ፣ ፍራሽና ሽማግሌ ጭነው።

ነሲባ ላፕቶፑን በሻርፗ ጠቅልላ ወደ ሙሄዲን ሮጠች። ካለፈው ዓመት የተማረችው አንድ ነገር ቢኖር ዛሬ ያልተያዘ ነገ እንደማይገኝ ነው። ሱቁ ገና አልተዘጋም። ሙሄዲን ግማሹን ዕቃ በካርቶን አሽጎ ግማሹን እያየ ተቀምጧል። አሁኑኑ ሥራልኝ አለችው። ባትሪው ስለማይሠራ ከሶኬት ሰካው፤ መብራት ሳይሄድ ልጨርስልሽ አለና ጀመረ።

በዚያው ሰዓት የመሥሪያ ቤቱ ፒካፕ ከወልድያ ወርዶ መርሳ ገባ። አቶ ካሳሁን ቤተሰባቸውን ቀድመው ደሴ ልከዋል። እሳቸው ግን የቢሮውን አዲስ ሃርድ ዲስክ እንደ ልማዳቸው በነጠላ ጠቅልለው ይዘው የወጡት መጨረሻ ላይ ነው። ዛኪር እናቱን ሊያነሳ ሲቆም የነሲባን ነገር ጠየቁ። ዛሬ ጠዋት ላፕቶፗን ይዛ ወደ ሙሄዲን ስትሮጥ አይተናታል አሉ ጎረቤቶቹ። አቶ ካሳሁን የሙሄዲንን ዝና ያውቃሉ፤ በሀብሩ ወረዳ የታጠበው ስልክ ሁሉ ያሳስባቸው ነበር። ከመኪናው ወርደው፣ ሰው ሁሉ ወደ ደቡብ በሚሮጥበት አስፋልት ላይ ወደ ሰሜን ሮጡ።

ሱቁ ሲደርሱ ሙሄዲን ፎርማት የሚለውን መርጦ፣ ማሽኑ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠይቆት፣ ጣቱ አዎ የምትለዋ ላይ ነበር።

“እጅህን አንሳልኝ ወንድሜ” አሉት አቶ ካሳሁን እያለከለኩ።

ሙሄዲን ማን ናቸው ብሎ ወደ ነሲባ ዞረ። ነሲባ ቀና ብላ አየቻቸው። ያን ቀን ከመኪና ላይ የሚወርድ ሰው አልነበረም፤ የሚሳፈር እንጂ። እሳቸው ግን ወርደው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው፣ ነጠላቸውን እንዳቀፉ በሩ ላይ ቆመዋል።

“የመሥሪያ ቤታችን ሰው ናቸው” አለች። አንቱታው ሳታውቀው ተመልሶ ነበር።

አቶ ካሳሁን አጠገቧ ቁጢጥ አሉ። “ልየው ነሲባ። ካጣሁት እሱ ይቀጥል፤ እኔም ዕድሜዬን በደለኛሽ ሆኜ እኖራለሁ።”

ነሲባ ላፕቶፑን ወደ እሳቸው ገፋችው።

አቶ ካሳሁን እየሠሩ፣ ከራሳቸው ጋር የሚያወሩ ይመስል፣ ነገሩን አስረዷት። ይህ ቫይረስ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በስሙ የውሸት በር ያቆምበታል። አንቲቫይረሱ የውሸቱን በር አፈረሰ እንጂ ቤቱን አልነካም። በሩ ሲጠፋ ቤቱ የጠፋ ይመስላል። ያን ዕለት ይህን ልነግርሽ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ስለነበር ግን ቀድሜ አላየሁልሽም፣ እሱ የኔ ጥፋት ነው አሉ። ሰው ሲሳሳት ያላመለጣቸው አቶ ካሳሁን ጥፋቴ ነው ሲሉ ነሲባ የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች። ከዚያ አንድ ቦታ ነኩ፤ ሌላ ቦታ ነኩ፤ የተደበቀውን አሳይ አሉት። “አባ” የሚለው ፎልደር ፈዘዝ ብሎ፣ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ መስሎ ብቅ አለ።

የመጀመሪያውን ሲከፍቱት የሸህ አብዱልሐሊም ድምፅ ጠባቧን ሱቅ ሞላት። ሙሄዲን ካርቶኑን ለቀቀ። ነሲባ ከኅዳር ወዲህ አላለቀሰችም ነበር፤ ያን ጊዜ ቀብሩ በጥድፊያ ነበር፣ ማልቀሻ አልነበረም። አሁን ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አቶ ካሳሁን አላዩአትም፤ ሁለተኛውን ከፈቱ፣ ሦስተኛውን ከፈቱ። ውጭ ዛኪር ጥሩምባውን ይነፋል። አንዱ ተከፈተ ማለት ሁሉም ይከፈታል ማለት አይደለም እያሉ እያንዳንዱን አዳመጡ፤ ጦርነት ቢመጣ እንኳ ሳያጣሩ የሚነሱ ሰው አይደሉም።

አጣርተው ሲጨርሱ ግን ተቁነጠነጡ። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ፋይል እንደሌለ ይቆጠራል፤ መንገድ ላይ ላፕቶፑ ቢወሰድስ፣ ቢወድቅስ። ሙሄዲን ከአንገቱ ፍላሹን አውልቆ ዘረጋላቸው። በመርሳ፣ በውርጌሳ፣ በግራና ስንት ማሽን ላይ እንደተሰካ አላህ ብቻ የሚያውቀው፣ ክዳኑ የጠፋ፣ በጫት እጅ የቆሸሸ ፍላሽ ነው። አቶ ካሳሁን አዩት። ዛኪር ደግሞ ጥሩምባውን ነፋ። ለምርመራ ጊዜ አልነበረም። ፊታቸውን እንደ ኮሶ ጠጪ አጨማድደው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰኩት።

መንዙማው ሁሉ ተገለበጠ። ላፕቶፑ ከእኛ ጋር ይሂድ፣ ይሄ እዚህ ይቅር አሉ። ሙሄዲን መርሳን አለቅም ያለ ሰው ነበርና ፍላሹን መልሶ አንገቱ ላይ አጠለቀው፤ የሸሁ አደራ አንገቴ ላይ ነው አላት።

ፒካፑ ከኋላ በሰው ተሞልቶ ነበር። እማ ቡርቱካን ጋቢና ውስጥ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ዛኪር ነው አሳምኖ ያወጣቸው። ነሲባ ከእናቷና ከአቶ ካሳሁን መሃል ገባች። ሁለቱም እንደ ሕፃን የሚታቀፍ ነገር ጭናቸው ላይ ይዘዋል፤ እሷ ላፕቶፑን፣ እሳቸው ሃርድ ዲስኩን። ለእናቷ ምን እንደተፈጠረ እንዴት እንደምትነግራቸው እያሰበች ውርጌሳን አለፉ። መንገዱ በእግረኛና በከብት ተጨናንቋል። ማንም ወደ ኋላ አያይም፣ ሁሉም ግን ወደ ኋላ ይሰማል።

ወደ ውጫሌ መውጣት ሲጀምሩ ነሲባ አንድ ድምፅ ሰማች። አቶ ካሳሁን መስኮቱን እያዩ፣ ሳያውቁት፣ የአባቷን መንዙማ ያንጎራጉራሉ። ያን ሁሉ ፋይል ሲያጣሩ ጆሯቸው ውስጥ ቀርቶባቸዋል። ዜማውን አበላሽተውታል፤ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ናቸውና ጫፉን እንደ ማኅሌት ይጎትቱታል፣ መግቢያውን ደግሞ ይቸኩላሉ። ነሲባ ደነገጠች፤ እናቷ ከኅዳር ወዲህ ያንን ዜማ ከማንም አፍ እንዲሰማ አልፈቀዱም። በክርኗ ልትጎሽማቸው ስትል እማ ቡርቱካን ቀደሟት።

“እንደሱ አይደለም ልጄ” አሉ።

አቶ ካሳሁን ማንጎራጎሩን አቆሙ። ይቅርታ ሊጠይቁ አፋቸውን ሲከፍቱ እማ ቡርቱካን በእጃቸው አስቆሟቸው።

“ተቀባይ አይቸኩልም። እኔ ላውጣው፣ አንተ ጠብቀህ ተቀበል።”

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ድምፃቸው ብዙ ጊዜ ሳይከፈት እንደቆየ በር ነበር፤ መጀመሪያ ሲጥ ሲጥ አለ፣ ከዚያ ለቀቀ።

“ቁልፉም ያንተ ነው፣ ደጁም ያንተ ነው፤”

ቀጣዩ ስንኝ የተቀባዩ ነው።

“አንተ ካልጠበቅኸው ማን ሊጠብቅ ነው።”

አቶ ካሳሁን አሁንም ቸኩለው ገቡ፤ ነሲባም አብራቸው ቸኮለች።